ስልኩን ጠጋ አድርገው

ለደግፌ መሸሻ በዚህ ዓለም ላይ ላስቲክ የማይፈታው ችግር የለም። ጦር ኃይሎች ባለችው ሱቁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስቲክና ሸራ በሜትር እየቆረጠ ሸጧል። ጣሪያው የሚያፈስበት፣ ድንኳን የሚጥል፣ ለሶፋው የሚሳሳ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። በገዛ ቤቱም የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ የምግብ ጠረጴዛው ላስቲክ ለብሷል፣ አልጋው እንኳ ከነፋብሪካ ላስቲኩ ሦስት ዓመት ተተኝቶበታል። ሚስቱ ውዳሴ፣ "እኔን ሳትጠቀልለኝ የቀረኸው ዝም ብዬ ስለማልቆምልህ ነው" ትለዋለች። ይስቃል እንጂ ልብ አይልም። ሰው በእንጀራው ያምናል፤ ምን ይደረግ።

እንግዲህ ጋሽ ተክለማርያም ንቦቻቸውን አደራ የሰጡት ለዚህ ሰው ነው።

ጋሽ ተክለማርያም ቀራንዮ ውስጥ ከደግፌ ባለ አራት ፎቅ ቤት ጎን ባለችው የጭቃ ቤት ይኖራሉ። ከጎጃም በጉብዝናቸው መጥተው፣ በዚህችው ቤት አግብተውና ወልደው አርጅተዋል። ከታዛው ሥር አንድ ቀፎ ተንጠልጥሏል፤ ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተለሰነ፣ ጎልማሳ ክንዱን ዘርግቶ የሚያቅፈው ያህል። የሰቀለችው ባለቤታቸው እሙ ነበረች። እሙ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። "ንቡ የሚወደው እሷን ነበር" ይላሉ ሽማግሌው፣ "እኔንማ ሃያ ዓመት ሲነድፉኝ ኖረው ገና አሁን ነው የለመዱኝ።"

በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል ቂም አልነበረም፤ አሸንዳ ግን ነበረ። ደግፌ ፎቁን ሲጨርስ የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ጋሽ ተክለማርያም ጓሮ አዙሮት ነበር፤ መሬቱ ወደዚያ ያዘነብላል ብሎ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከአራተኛ ፎቅ የሚወረወረው ውሃ የሽማግሌውን ጓሮ እንደ በሬ እያረሰ ይወጣል። "ዘንድሮስ አዞረዋለሁ ጋሼ" እያለ አራት ክረምት አለፈ። ክፋት አይደለም፤ ስንፍናም አይባልም፤ የሌላ ሰው ጓሮ ላይ የሚወርድ ውሃ እንቅልፍ አይነሳም፤ ሌላ አይደለም።

የቡሄ ማግስት ጋሽ ተክለማርያም ቁልፍ ይዘው የደግፌን በር አንኳኩ። ፊታቸው ከስቷል። የሐሞት ጠጠር ነው ተብለው ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሊተኙ ነው፤ ልጃቸው ማርያማዊት አብራቸው ሆና ታስታምማለች፤ ግቢው ባዶ ሊቀር ነው።

"ደግፌ" አሉት፣ "ጎርፉን የምትልክባቸው አንተ ነህ። ከጎርፍ የምትጠብቃቸውም አንተው ነህ። ሌላ ማንን ልለምን?"

ደግፌ መሬት መሬት አየ። "ምን ላድርግላቸው ጋሼ?"

"ምንም። እንዳትነካቸው። ጧትና ማታ እደውልልሃለሁ፤ ስልኩን ወደ ቀፎው ጠጋ ታደርግልኛለህ። ሥራህ ይኸው ነው።"

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ጧት አንድ ሰዓት ላይ፣ ማታ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። "ስልኩን ጠጋ አድርገው" ይላሉ። ደግፌ በወንበር ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ፣ ክንዱን ይዘረጋል። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ "ተመስገን" ብለው ይዘጉታል። መጀመሪያ ቀን ደግፌ ሳቁ መጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እሱ ራሱ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ቆሞ ቀረ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ የቅዳሴ ዜማ ነበር፤ ቃሉ አይለይም፤ ሆድ ግን ያረጋጋል።

በአራተኛው ቀን ጧት ማርያማዊት ደወለች።

"ጋሽ ደግፌ፣ ቀዶ ጥገናው ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ነው። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይቆይም ብሏል። አባቴ ግን አልፈርምም አለ።"

"እንዴት አልፈርምም?"

"'ነገ ጧት ንቦቼን ሰምቼ ነው የምፈርመው' አለ። እኔም ለመንኩት፣ ሐኪሙም ለመነው። 'እሙ ከሄደች ወዲህ ቤት ስገባ የሚጠብቁኝ እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ለማን ብዬ ነው የምቀደደው?' አለኝ። እኔ ልጁ አጠገቡ ተቀምጬ! ልስቅ ይሁን ላለቅስ ግራ ገባኝ። እባክዎ ነገ ጧት ስልክዎ እንዳይዘጋ።"

"ኧረ ከነነፍሴ እጠብቃለሁ" አላት ደግፌ። እውነቱን ነበር። መቼም ችግር የሚመጣው እንዲህ ከነነፍሱ ከሚጠብቅ ሰው ነው።

ያን ቀን ከሳምንት ዝናብ በኋላ ፀሐይ ወጣች። ንቦቹ ተርበው ሰንብተው ኖሮ ከቀፎው እየተግተለተሉ በየአጥሩና በየዛፉ ተበተኑ። ደግፌም ሱቁን ከፈተ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን የወጨጫ ተራራ ፊቱን አጠቆረ። ምዕራቡ ሰማይ እንደ ምጣድ ቂጥ ሆነ፤ ነፋሱ የአደባባዩን አቧራና ፌስታል እያንከባለለ መጣ፤ የሱቁን ሸራ ከነብረቱ ወደ ላይ አነሳው።

ደግፌ በዓይነ ልቡናው ያ ቀፎ በገመዱ ሲወዛወዝ አየ። ሱቁን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፤ ከጥቅሎቹ ሁሉ ወፍራሙን ላስቲክ በትከሻው አድርጎ ቀራንዮ የሚል ታክሲ ውስጥ ዘለለ።

አባቱ መሸሻ ጉራጌ አገር፣ እዣ ውስጥ ቀፎ ነበራቸው። ክረምት ሲገባ ቀፎውን በኮባ ቅጠል ሸፍነው በገመድ ሲያስሩት ደግፌ በልጅነቱ አይቷል። ኮባ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ውዳሴ ለድፎ ዳቦዋ የተከለችው ሦስት እግር ኮባ በገዛ ግቢው ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። ደግፌ ቀና ብሎም አላየው። ኮባ ይቀደዳል፤ ኮባ ውሃ ያሳልፋል። ላስቲክ ማለት በእሱ ቤት የተማረ ኮባ ነው።

ወንበሩን አስጠግቶ ወጣ። ሦስት ዙር ጠቀለለው። ነፋስ እንዳይገባ ዳርና ዳሩን አጥፎ፣ በናይለን ገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሦስት ንቦች ነደፉት፤ አንዷ ከንፈሩ ላይ። "ውለታ የማታውቁ!" አላቸው። ከዚያ ወርዶ ሥራውን ከሩቅ ተመለከተ። ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ይመስላል። ለጋሽ ተክለማርያም አሳያለሁ ብሎ ፎቶ አነሳው።

ቤቱ ሳይገባ በረዶው ወረደ። ነፋሱ ቅርንጫፍ ሰበረ፣ የአንድ ጎረቤት ቆርቆሮ ገነጠለ፣ የደግፌ አሸንዳ ሞልቶ በሽማግሌው ጓሮ ላይ አገሳ። ደግፌ ያበጠ ከንፈሩን ይዞ በመስኮት ያያል። ትናንሽ ጥቋቁር ነገሮች በነፋሱ እየተላጉ መጥተው ላስቲኩን ሲመቱትና ሲወድቁ አየ። ቅጠል መሰሉት። "ተመስገን፣ በሰዓቱ ደረስኩ" አለ።

ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲለወጥ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ውዳሴ ከእድር ስብሰባ ስትመለስ የጋሽ ተክለማርያም በር ገርበብ ብሎ አየችና ገባች። ከዚያ ድምፅዋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ።

"ደግፌ! ና ውረድ!"

ወረደ። ዣንጥላዋን አጥፋ ጭቃው ውስጥ ቆማለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ላስቲክ ነዋ። ወፍራሙ።"

"በሩ የት አለ?"

"የምን በር?"

"የንቡ በር! በምን ይግባ? አንኳኩቶ?"

ደግፌ ወደ መሬት አየ። ቅጠል የመሰሉት ቅጠል አልነበሩም። ከቀፎው ሥር፣ በግድግዳው ጥግ፣ አሸንዳው በቆፈረው ቦይ ዳርና ዳር ንቦች በክምር በክምር ወድቀዋል። ጧት የወጡት ሁሉ ነፋሱ እየላጋቸው፣ ዝናቡ እየደበደባቸው ቤታቸው ደርሰው ተዘግቶ አግኝተውታል።

ወንበሩ ላይ ወጥቶ ናይለኑን በጥርሱ ጭምር በጠሰው። ላስቲኩ ሲገለጥ ውስጡ አልቦት ውሃ ያንጠባጥባል። ጆሮውን ለጠፈ። ምንም የለም። እንደገና ለጠፈ።

"ምን ይላል?" አለች ውዳሴ።

"ዝም ነው።"

በዚህ ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሰዓቱ ገና አልደረሰም፤ በረዶው ዘነበወርቅም ጥሏል ማለት ነው። ደግፌ ስልኩ ጮኾ እስኪያበቃ ጠበቀ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ።

"አንሳው" አለች ውዳሴ።

"ምን ልበላቸው? ነገ ካልፈረሙ ይሞታሉ እኮ!" አለና ዓይኑ የእሷ ስልክ ላይ አረፈ። "ስልክሽን አምጪ።"

"ለምን?"

"ዩቲዩብ ላይ የሌለ ነገር የለም።"

ውዳሴ ገባት። "አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛ ልታታልል ነው?" አለችው፤ ግን ስልኩን ከእጇ ሲወስድ አልታገለችውም። ለመዋሸት እንኳ ምክንያት የሚሆን ፍርሃት አለ።

ደግፌ የንብ ድምፅ ፈልጎ አገኘ፤ ከፈተው፤ ሁለቱን ስልኮች አገጣጠመ። ያ ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ወፍራም፣ ጥጋበኛ እምምታ። ጋሽ ተክለማርያም እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው አዳመጡ። "ተመስገን" ግን አላሉም።

"ደግፌ።"

"አቤት ጋሼ።"

"የማን ንቦች ናቸው?"

"የ... የእርስዎ ናቸዋ።"

"እኔ የምሰማው ጠራራ ፀሐይ ላይ አበባ የሚቀስሙ ንቦች ነው። ከጀርባቸው ደግሞ ያንተ አሸንዳ ጓሮዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። አሸንዳውን አውቀዋለሁ፤ አራት ክረምት ሰምቼዋለሁ። ንቦቹን ግን አላውቃቸውም።"

ደግፌ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የውዳሴን ስልክ አጠፋ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ ላስቲኩን፣ ሦስቱን ዙር፣ በሩን፣ መሬት ላይ ያሉትን፣ ዝምታውን። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው ጋሼ። እንዳትነካቸው ብለውኝ ነበር።"

ደግፌ ስድብ ጠበቀ። ስድብ ቢመጣለት እንዴት በወደደ።

"ከወደቁ ስንት ሰዓት ሆናቸው?" አሉ ሽማግሌው።

"ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።"

"እሙም አንዴ እንዲህ ደርሶባት ነበር፤ በነሐሴ። ያን ቀን አልቅሼ ልጠርጋቸው መጥረጊያ ሳነሳ ቀማችኝ። የንብ ለቅሶ ሳይሞቅ አይለቀስም አለችኝ። ስማ፤ ብርድ ይዟቸው ይሆናል። ብርድ የያዘው ንብ ከሞተ አይለይም። በወረቀት እያፈስክ ሰብስባቸው፣ ደረቅ ጨርቅ ላይ አድርጋቸው፣ ከሰል አያይዝና ራቅ አድርገህ አሙቃቸው። በርና መስኮት ክፈት። ከመምሸቱ በፊት ነው። ቀፎውንም ተወው፤ ይተንፍስ።"

"እሺ ጋሼ። እሺ።"

"ነገ ጧት እደውላለሁ። ካሉ የራሳቸውን ድምፅ አሰማኝ። ከሌሉ የሉም በለኝ። ሌላ ንብ እንዳታመጣብኝ።" ዘጉት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ደግፌም ያፈሰሰውን ሊለቅም በጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። አንዷን ንብ ከቦዩ ዳር በካርቶን ቁራጭ አነሳ፤ እግሮቿን ሰብስባ፣ ክንፏ ከጀርባዋ ተለጥፎ፣ የቅንጣት ታህል እንኳ አትመዝንም። ይቺን ነው በሦስት ዙር ላስቲክ ሊያድናት የነበረው። ውዳሴ በሰፌድ፣ እሱ በትሪ ለቀሙ። ከኩሬ የወጡም ነበሩ፤ እነሱን ለብቻ አደረጓቸው።

ቤት ሲገቡ መብራት ጠፍቷል። ውዳሴ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች። ደግፌ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል፣

"ላስቲኩ ላይ እንዳታደርጋቸው!" አለችና የጠረጴዛውን ልብስ ከነቡና ዕድፉ ሞሽልቃ ጣለችው። ጠረጴዛው ከተገዛ ጀምሮ እንጨቱ ሲታይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ጋቢዋን አነጠፈች። ንቦቹን በላዩ ዘረጓቸው፤ ሺህም ከዚያም በላይ ይሆናሉ። ከዚያ ባልና ሚስት ወንበር ስበው እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። ደግፌ በሆዱ ለመድኃኔዓለም ተሳለ፤ ጧፍ ወይም ጥላ አይደለም፤ "አሸንዳውን አዞራለሁ" ነው ያለው።

"ደግፌ" አለች ውዳሴ ቀስ ብላ። "እዚህ ጋ።"

የአንዷ ንብ የኋላ እግር ተዘረጋ። ቆየችና ደግሞ ሰበሰበችው። ከዚያ በፊት እግሯ አንቴናዋን አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንቅልፏን ያልጨረሰች ሕፃን ዓይኗን እንደምታሽ ጠረገችው። አጠገቧ ያለችው ተንፈራገጠች። ከጋቢው ዳር ሌላዋ ተገልብጣ በእግሯ ቆመች። ደግፌ እስትንፋሱን ይዞ ነበር፤ ሲለቀው ለቅሶ ሆኖ ወጣ። አላፈረም። "ተነሱ! ተነሱ እኮ ውዴ!" እያለ እንባውንና ያበጠ ከንፈሩን በአንድነት ይጠርግ ጀመር። ካገባት ጀምሮ ውዴ ብሏት አያውቅም፤ ውዳሴም ልብ ብላ ለሌላ ጊዜ አስቀመጠችው።

ወዲያው ጉድ ፈላ። የሞቃቸው ንቦች መብረር ጀመሩ። ደግፌ ወደ ሰፌዱና ወደ ትሪው መልሶ አፈሳቸው፤ ውዳሴ በነጠላዋ ሸፈነቻቸው፤ አንዷ ቅንድቧ ላይ ነደፈቻት። እየተሯሯጡ ወደ ጋሽ ተክለማርያም ታዛ ወሰዷቸው። ገና አልጨለመም፤ ሰማዩ ከደመናው ሥር ቀልቶ ነበር። ትሪውን ከቀፎው አፍ ጋር ሲያስተካክሉ ንቦቹ መብረር ትተው በእግራቸው፣ እንደ ቀበሌ ሰልፍ፣ ተከታትለው መግባት ጀመሩ። በሩ ላይ የደረሱት ጥቂቶች ደግሞ ጅራታቸውን አንስተው ክንፋቸውን ያራግቡ ነበር።

"አውራዋ አለች" አለች ውዳሴ። "አባቴ፣ ንብ በሩ ላይ ቆሞ ካራገበ እናት ቤት አለች ማለት ነው ይል ነበር።"

ደግፌ ጆሮውን ጠጋ አደረገ። ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ያ ዜማ ቀስ እያለ ተነሳ። ቀጭን ነው፤ እንደ ትናንቱ አይደለም። ግን አለ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ከኮባው ሁለት ሰፊ ቅጠል ቆረጡ። አባቱ ያደርጉ እንደነበረው ጀርባውን ብቻ ሸፍኖ፣ አፉን ትቶ፣ በላላ ገመድ አሰረው። ጋቢው ላይ ሳይነሱ የቀሩትን ውዳሴ ከኮባው ሥር ቀበረቻቸው።

ሲነጋ፣ ገና ስልክ ሳይደወል፣ ደግፌ ጣሪያው ላይ ነበር። አሸንዳውን ወደ መንገዱ ቦይ አዞረው፤ ለመገጣጠሚያው ያን የትናንቱን ወፍራም ላስቲክ ተጠቀመ። ላስቲክም በመጨረሻ ቦታውን አገኘ። አንድ ሰዓት ላይ ካፊያው እየወረደ ስልኩ ጮኸ።

"አሉ ወይስ የሉም?" አሉ ጋሽ ተክለማርያም። ድምፃቸው ደክሟል።

"አሉ ጋሼ።"

"ስልኩን ጠጋ አድርገው።"

ጠጋ አደረገው። ክንዱ እስኪደነዝዝ ያዘው። ስልኩን ወደ ጆሮው ሲመልስ ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

"ሳስቷል" አሉ።

"ሲሶው አልተነሳም ጋሼ። እውነቱን ነው።"

"አውቄዋለሁ። መስከረም ሲብት አደይ ይፈነዳል፤ ያኔ ይሞላሉ።" ደግመው አዳመጡ። "አሸንዳው ዛሬ አይሰማኝም።"

"አዞርኩት።"

"ስንት ሰዓት ፈጀ?"

"አንድ ሰዓት።"

"አንድ ሰዓት" አሉ ሽማግሌው፤ ሳቁ ይሁን ሕመሙ ድምፃቸው ተቆራረጠ። "አራት ክረምት ያስለመንከኝ ለአንድ ሰዓት ሥራ ነው?" ከዚያ ወደ ጎን ዞረው ሲናገሩ ተሰማው። "ማርያማዊት፣ እስኪርቢቶ አምጪ።"

ያን ቀን ደግፌ ሱቅ አልከፈተም። በጋሽ ተክለማርያም በር ላይ፣ ከቀፎው ሥር፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ውዳሴ ምሳ አመጣችለት፤ አልበላም። ፀሐይ ብልጭ ስትል ንቦቹ አንድ ሁለት እያሉ ወጡ፤ በወጡ ቁጥር ልቡ አብሯቸው ይወጣል፤ ሲመለሱ ይመለሳል። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የማርያማዊት ቁጥር ነው። አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"ጋሽ ደግፌ? ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል። ንገሪኝ።"

"አልነግርዎትም" አለች፤ ድምፅዋ ግን ይስቃል። "ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ።"

የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ መጣ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ሲወጣ የሚያፏጭ የሽማግሌ ማንኮራፋት። አንዴ ተቋረጠ፤ ደግፌ ደነገጠ፤ ወዲያው ደግሞ ከበፊቱ በባሰ ጉልበት ቀጠለ። ደግፌ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

"ሰሙት?" አለች ማርያማዊት ተመልሳ።

"ከዩቲዩብ አይደለም አይደል?" አላት።

"የራሱ ነው" አለችው እየሳቀች፣ እያለቀሰችም። "ሐኪሙ ጠጠሩ በደንብ ወጥቷል ብሏል።"

"ተመስገን" አለ ደግፌ። "በይ እስቲ አንዴ ደግመሽ ጠጋ አድርጊው።"